ሰማይ አይታረስም፤ ሹም ግን ይከሰሳል
የመንግሥት ሥልጣን ለምን በሦስት ይከፈላል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

ይህን ተረት ያልሰማ ገበሬ የለም። ተረቱም እንዲያው በከንቱ አልተነገረም። ንጉሥ የማይከሰሰው ለምን ነበር? ክሱን የሚሰማው ራሱ ንጉሡ ስለሆነ ነው። ሕጉን የሚያወጣው እሱ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው የእሱ ሹም ነው። በመጨረሻም በዙፋን ችሎት ተቀምጦ የሚፈርደው እሱ ነው። ታዲያ ማን ዘንድ ይከሰስ?

ይህ ነገር በቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። በየመንደሩም ነበረ። በጉልት አገር ከገበሬው ግብር የሚቀበለው ጉልተኛ ብዙ ጊዜ ዳኛም ነበር። ገበሬው «ግብሩ በዛብኝ» ቢል አቤቱታውን የሚያቀርበው ግብሩን ለሚቀበለው ለዚያው ሰው ነው። ተቀባዩ ዳኛ ሲሆን ፍርዱ ሳይነገርም ይታወቃል።

ዛሬ በብዙ አገሮች የመንግሥት ሥልጣን በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ሕግ ያወጣል። ሁለተኛው ሕግ ያስፈጽማል። ሦስተኛው ሕግ ይተረጉማል፤ ማለት ይፈርዳል። እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው? በአገራችን ሕግ እንዴት ተደለደሉ? ለገበሬውስ ምን ይጠቅሙታል? አንድ በአንድ እንያቸው።

ሦስቱን ሥራዎች ገበሬው ያውቃቸዋል

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቀደም ብለን በገበሬ ማኅበር አይተነዋል።

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ። የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ያዘዘው ይኸው አዋጅ ነው። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ማኅበራቱን አጠናከራቸው። በማኅበሩ ውስጥ ሦስት አካላት ነበሩ። ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴና ፍርድ ሸንጎ ይባሉ ነበር።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጉባኤው ተሰብስቦ «ከብቱን በሰው ማሳ የለቀቀ 10 ብር ይቀጣ» ብሎ ወሰነ እንበል። ይህ ሕግ ማውጣት ነው። ኮሚቴው ማሳ ውስጥ የተገኘውን በሬ ይዞ ባለቤቱን አስጠራ። ይህ ሕግ ማስፈጸም ነው። ባለቤቱ ግን «በሬው ያመለጠው አጥሩ ስለፈረሰ ነው፤ አጥሩን ያፈረሰውም ባለማሳው ራሱ ነው» አለ። አሁን ግራ ቀኙን መስማት፣ ምስክር መጥራት፣ እውነቱን መለየት ያስፈልጋል። ይህ መፍረድ ነው።

እንግዲህ ሊቀ መንበሩ «ሦስቱንም ሥራ ብቻዬን ልያዘው» ቢልስ? ጠዋት ተነሥቶ «ቅጣቱ ከዛሬ ጀምሮ 100 ብር ነው» ይላል። ረፋዱ ላይ የተጣላውን ሰው በሬ ያስይዛል። ከሰዓት በኋላ «ጥፋተኛ ነህ፣ ክፈል» ብሎ ይፈርዳል። ማታ ገንዘቡን ይቆጥራል። ይህ ሊቀ መንበር ሲመረጥ ደግ ሰው የነበረ ሊሆን ይችላል። ግን የሚከለክለው የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለውም ሹም ሁሉ ሌባ ሆኖ ስለተወለደ አይደለም። ከልካይ ስላጣ ነው።

ይህን ሐሳብ ሞንቴስኪዩ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አስረድቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ ይህን ሐሳብ ተከትለዋል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሹምን ልመና አይገታውም፤ ሥልጣንን የሚገታው ሌላ ሥልጣን ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ የሆኑ ሁለት ታሪኮች

ሥልጣን ሲከፈልና ሳይከፈል ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ 1966 ዓ.ም. ክረምት እንመለስ።

በዚያ ክረምት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ 1964 ዓ.ም.፣ ሰዎች በዋሽንግተን ከተማ የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ ሰብረው ሲገቡ ተይዘው ነበር። ነገሩ ሲጣራ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሰዎች አመራ። ፕሬዚዳንቱ በቢሮው የሚያደርገውን ንግግር በቴፕ ያስቀርጽ ኖሯል። መርማሪው «ቴፑን አምጣ» አለ። ፕሬዚዳንቱ «የመንግሥት ምስጢር ነው፣ አልሰጥም» አለ።

ነገሩ ለአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። በጉዳዩ ላይ ስምንት ዳኞች ተሰየሙ። ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው ራሱ ኒክሰን ነበር። ቢሆንም ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. ስምንቱም በአንድ ድምፅ «ስጥ» ብለው ፈረዱ። ዳኞቹ ጦር የላቸውም። ፖሊስም በእጃቸው የለም። ያላቸው አንድ ወረቀት ነው። ፕሬዚዳንቱ ግን የዓለም ኃያል ጦር አዛዥ ሆኖ ሳለ ቴፑን ሰጠ። ሕግ አውጪው ምክር ቤትም ከሥልጣን ሊያወርደው መንገድ ጀምሮ ነበር። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ኒክሰን በገዛ እጁ ፈርሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጥይት አልተተኮሰም። ሰውም አልሞተም። ተተኪው በኋላ ምሕረት ስላደረገለት ኒክሰን እስር ቤት አልገባም። ቢሆንም አገሬው ሁሉ «ፕሬዚዳንትም ቢሆን በሕግ ይጠየቃል» የሚለውን በዓይኑ አየ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አወረደ። በዚያው ቀን ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ፓርላማውንም ዘጋ። ሕግ የማውጣቱም የማስፈጸሙም ሥልጣን በአንድ ኮሚቴ እጅ ገባ። ብዙ ሳይቆይ ፍርዱም በዚያው እጅ ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎች ተገደሉ። ከእነሱ ውስጥ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን። ከሟቾቹ ውስጥ ጥፋት የነበረበት ሊኖር ይችላል። ጥፋት ያልነበረበትም ሊኖር ይችላል። ይህን የሚለየው ፍርድ ቤት ነበር። ፍርድ ቤት ግን አልቀረቡም። ከሳሹ ፈራጅ፣ ፈራጁም ገዳይ ሆነ።

ነገሩ በባለሥልጣናት ላይ አልቆመም። ሰው ያለ ፍርድ መግደል አንዴ ከተጀመረ ወደ ከተማው ወጣትና ወደ ገጠሩ ገበሬም ይወርዳል። በቀጣዮቹ ዓመታት የሆነውን ታላላቆቻችን ያውቁታል።

የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ ትምህርት አለው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ባለሥልጣናቱ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክርክሩ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። 12 ዓመት ፈጀ። ብዙ ሰው «ረዘመ» ብሎ አማሯል። ቢሆንም ሰውን ያለ ፍርድ የገደሉት ሰዎች ራሳቸው ጠበቃ ቆሞላቸው፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ተከራክረው ተፈረደባቸው። ለሌላው የነፈጉትን ፍርድ ቤት እነሱ አገኙት። ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ለሚወደድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለሚጠላም ሰው ነው።

ዛሬ በአገራችን ሕግ ሥልጣን እንዴት ተደለደለ?

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። 106 አንቀጾች አሉት። አንቀጽ 50 «የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች የሕግ አውጪነት፣ የሕግ አስፈጻሚነትና የዳኝነት ሥልጣን አላቸው» ይላል። እያንዳንዱን እንይ።

ሕግ አውጪው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አባላቱን ሕዝብ በየ5 ዓመቱ ይመርጣቸዋል። ቁጥራቸው ከ550 አይበልጥም። ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ከዚህ ውስጥ 20 ያላነሰ መቀመጫ ተጠብቋል። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም ወር መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ቀን ነው። ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በ15 ቀን ውስጥ ይፈርምበታል። ባይፈርምስ? ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል።

ሕግ አስፈጻሚው ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ናቸው። ፖሊሱ፣ ጦሩ፣ ግብር ሰብሳቢው፣ የመንገድ ሥራው፣ ሁሉም በዚህ ወገን ነው። ከሦስቱ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ያለው ይህኛው ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ይበልጥ ልጓም የሚያሻውም ይኸው ነው።

ሕግ ተርጓሚው ፍርድ ቤት ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ክልሎችም የየራሳቸው ፍርድ ቤቶች አሏቸው። አንቀጽ 79 ዳኛ ከማንም ባለሥልጣን ነፃ ነው ይላል። ዳኛ የሚመራው በሕግ ብቻ ነው። ሹም ስልክ ደውሎ «እንዲህ ፍረድ» ቢለው ሹሙ ሕግ ጥሷል። ዳኛን ጡረታ ከመውጫው ዕድሜ በፊት ከሥራው ለማንሣትም ሹም ብቻውን አይችልም። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይወስናል፤ ከዚያም ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ማጽደቅ አለበት።

«ሕጉ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ቢጋጭስ?» የሚል ይኖራል። ደግ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ይህን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። በእኛ አገር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በዚህ ምክር ቤት የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ይቀመጣሉ። ነገሩን አስቀድሞ የሚያጠናለት የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ነው። ይህ ጉባኤ 11 አባላት አሉት። ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው።

አንዱ ሌላውን በምን ይይዘዋል?

ሦስቱ ተለያይተው ብቻ አይቀሩም። ሦስቱ በሬዎች ቢሆኑ እያንዳንዱ በየፊናው ሲሄድ ማሳው አይታረስም ነበር። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ገመድ አለው።

መጀመሪያው ገመድ ገንዘብ ነው። አስፈጻሚው ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ በጀት የለውም። በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ገመድ ጥያቄ ነው። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ «ይህን ለምን አደረጋችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሥራቸውንም ይመረምራል። አንቀጽ 55 ይህን ሥልጣን ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ገመድ ሹመት ነው። ፌዴራል ዳኞችን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፤ የሚሾመው ግን ምክር ቤቱ ነው። አንዱ ብቻውን አይጨርሰውም።

አራተኛው ገመድ ጊዜ ነው። በጦርነትና በመቅሠፍት ጊዜ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ ይችላል። ነገር ግን ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁን በ48 ሰዓት ውስጥ ሊያቀርብለት ይገባል። አዋጁ ከ6 ወር አይበልጥም። ከዚያ ቢራዘምም በየ4 ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ለምሳሌ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለ6 ወር የታሰበ ነበር። ምክር ቤቱ ግን በየካቲት 2014 ዓ.ም.፣ ጊዜው ሳይሞላ አነሣው።

ገመዱ የሚላላው የት ነው?

በወረቀት የተጻፈ ሁሉ በሥራ ይታያል ማለት አይደለም። የቀድሞዎቹም መንግሥታት ወረቀት ነበራቸው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። የአንደኛውን አባላት የሚሾመው ግን ንጉሡ ነበር። የሁለተኛውንም የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ሚኒስትሮችን የሚሾመውና የሚሽረው ግን አሁንም ንጉሡ ነበር። ምክር ቤቱ ስም ነበረው፤ ጥርስ ግን አልነበረውም።

በዛሬውም ሥርዓት ሁለት ቀጭን ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ይህ ነው። በእኛ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። በምክር ቤቱ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ አስፈጻሚውንም ይይዛል። ስለዚህ ጠያቂውና ተጠያቂው የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። በምክር ቤቱ ውስጥ ተቃዋሚዎች በርከት ብለው ከተቀመጡ ጥያቄው ይጠነክራል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ግን 547ቱንም መቀመጫዎች ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ያዙ። አንድም ተቃዋሚ በሌለበት ቤት ማን ማንን አጥብቆ ይጠይቃል?

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሕጉ ዳኛን ነፃ ነህ ቢለውም ዳኛው ሹሙን ከፈራ ነፃነቱ በወረቀት ይቀራል። ሕዝቡም ዳኛውን ከሹሙ መለየት ካቃተው አቤት ማለቱን ይተዋል። «ሁሉም አንድ ናቸው» ይላል። ሁሉም አንድ የሚሆኑት እኮ እንዲህ ሲባል ነው።

ነገሩ ማሳችን ሲደርስ

አሁን ነገሩን ወደ ደጃችን እናምጣው። አንድ ገበሬ ግማሽ ሄክታር መሬት አለው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም በእጁ ነው። አንድ ቀን «መሬትህ ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰው እንበል።

እዚህ ላይ ሦስቱ ሁሉ አሉ። ሕግ አውጪው አስቀድሞ ሕግ አውጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ይላል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ መክፈል አለበት። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የካሣውን አከፋፈል ይዘረዝራል። ደብዳቤውን የጻፈው አስተዳደር ደግሞ አስፈጻሚው ነው። ሕጉ የሚለውን ብቻ ማድረግ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።

ገበሬው ካሣው ካነሰው፣ ወይም አወሳሰዱ ልክ አይደለም ካለስ? አዋጁ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ ያዛል። በእነሱ ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው በፍርድ ቤቱ ፊት ባለጉዳይ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። እንደ ገበሬው ቆሞ ይጠየቃል። የጉልቱ ዘመንና ያሁኑ ልዩነት ይህ ነው።

ለዚህ ግን ሦስት ነገር ማወቅ ይበጃል። አንደኛ፣ ውሳኔን በቃል ብቻ አትቀበል። በጽሑፍ ጠይቅ። ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን ይኑረው። የቃል ውሳኔ ይግባኝ ለማለት አይመችም። ሁለተኛ፣ ይግባኝ የጊዜ ገደብ አለው። ወረቀቱ የደረሰህን ቀን ጻፈውና ገደቡ ስንት ቀን እንደሆነ ወዲያው ጠይቅ። ቀኑ ካለፈ እውነት ይዘህም ልትረታ ትችላለህ። ሦስተኛ፣ ወረቀትህን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጥ። ማንበብ መቻል ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የማያነብ ሰው ማኅተም ያያል፤ የሚያነብ ሰው ከማኅተሙ በላይ የተጻፈውን ያያል።

መሬት ብቻ አይደለም፤ አካልም አለ። በአንቀጽ 19 መሠረት በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ሳያቀርቡት ከቀሩ እሱ ወይም ቤተሰቡ ነፃ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ። ያሰረው ፖሊስ ነው፤ ፖሊስ አስፈጻሚ ነው። መታሰሩ ልክ መሆኑን የሚወስነው ግን ዳኛ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. የጠፋው ይህ በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። እውነት ነው። ሹም በሹም ቢተካ ብቻ ነገር አይለወጥም። ግን ድስት በአንድ ጉልቻ ላይ እንደማይቀመጥም ሴቶቻችን ያውቁታል። ጉልቻው ሦስት ነው። አንዱ ከተነሣ ወጡ አመድ ላይ ይደፋል፤ ጾሙን የሚያድረውም ቤተሰቡ ነው።

የቃላት ፍቺ

ሕገ መንግሥት፦ የሕጎች ሁሉ የበላይ የሆነ ሕግ።
ሕግ አውጪ፦ ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት።
ሕግ አስፈጻሚ፦ ሕጉን በሥራ ላይ የሚያውለው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሚኒስቴርና አስተዳደር።
ሕግ ተርጓሚ፦ ሕጉን ተርጉሞ የሚፈርደው ፍርድ ቤት።
ይግባኝ፦ በፍርዱ ያልተስማማ ሰው ከፍ ወዳለ ዳኛ የሚያቀርበው አቤቱታ።
ካሣ፦ ለተወሰደ ወይም ለጠፋ ንብረት የሚከፈል ዋጋ።

በስብሰባ ላይ ለመወያየት

1. በእድራችን ወይም በማኅበራችን ደንብ የሚያወጣው ማን ነው? ገንዘብ የሚይዘውስ? ሒሳብ የሚመረምረውስ? ሦስቱንም አንድ ሰው ቢይዝ ምን ይሆናል?
2. በ1966 ዓ.ም. ክረምት የአሜሪካ ዳኞች ጦር ሳይኖራቸው ፕሬዚዳንቱ ለምን ታዘዘላቸው?
3. ባለፈው ዓመት ከአስተዳደሩ የተሰጠን ውሳኔ ምን ነበር? በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል?